ጩኸቱን ቀነስ አድርጌ ግሬታ ቫን ፍሊትን ሰማሁ

ግሬታ ቫን ፍሊት የሚባሉት የአሜሪካ ሮክ ባንድ የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸውን ሲያወጡ ስለ እነሱ ጻፍ ተባልኩ። ኦክቶበር 2018 ነበር። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። የሮክ ታሪክ በእኛ ሲቆጠር ግራ ያጋባል።) አልበሙን ገና ሳልከፍተው ወገን ምረጥ የሚለኝ ሰው በዝቶ ነበር። ግማሹ “ሮክ ከሞት ተነሳ” ይላል። ግማሹ “የሌድ ዜፕሊን ፎቶ ኮፒ ናቸው” ብሎ ይስቃል፤ የድሮውን ዝነኛ የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ማለቱ ነው። መሃል ላይ የቆመ ሰው አላገኘሁም።

ልጆቹ ከሚሺጋን፣ ፍራንከንሙዝ ከምትባል ትንሽ ከተማ ናቸው። ሦስቱ ወንድማማቾች ናቸው። ጆሽ ኪስካ ይዘፍናል፣ መንትያው ጄክ ጊታር ይጫወታል፣ ታናሻቸው ሳም ቤዝና ኪቦርድ ይዟል። ድራመሩ ዳኒ ዋግነር ጓደኛቸው ነው። መንትዮቹ ያኔ 22 ዓመታቸው ነበር፤ ሁለቱ ታናናሾች 19። በ2017 በአንድ ነጠላ ዜማ የአሜሪካውን የሙዚቃ መጽሔት የቢልቦርድን የሮክ ሬዲዮ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነው መርተዋል። የሌድ ዜፕሊኑ ድምፃዊ ሮበርት ፕላንት እንኳ ስለ እነሱ ሲጠየቅ፣ ልጆቹ የዜፕሊን የመጀመሪያ አልበም ናቸው ብሎ ቀልዷል።

ከዚያ ፒችፎርክ የሚባለው የሙዚቃ ሂስ ድረ ገጽ መጣ። ጄረሚ ላርሰን በጻፈው ሂስ አልበሙ ከ10 የተሰጠው 1.6 ነው። ጽሑፉ ያስቃል፣ በደንብም የተጻፈ ነው። የሮክ ወዳጅ ሁሉ ተቀባበለው። አልበሙ ግን ቢልቦርድ 200 በሚባለው የአልበሞች ሰንጠረዥ ሦስተኛ ሆኖ ገባ። በፌብሩዋሪ 2019 ደግሞ የቀደመው ሥራቸው የምርጥ ሮክ አልበም ግራሚን ወሰደ። እንግዲህ ግራሚው ገና ሳይመጣ፣ በዚህ ሁሉ መሃል ነው እኔ “ምን ትላለህ?” የተባልኩት።

መጀመሪያ “ይመስላል” የሚለውን ነገር ልፈትሸው አልኩ። የቱ ጋ ነው የሚመስለው? የዜፕሊንን የ1969 የመጀመሪያ አልበምና የልጆቹን እያፈራረቅኩ ሰማሁ። ደብተር ይዣለሁ። የሚመሳሰለውን በአንድ ገጽ፣ የሚለያየውን በሌላው ገጽ እጽፋለሁ።

የመመሳሰሉ ገጽ ወዲያው ሞላ። ሽቅብ የሚወነጨፍ ድምፅ። ቃል የሌለው “ኦ!” እና “አህ!”። የሚወቅጥ ከበሮ። ከዘፈኑ ሥር የሚመላለስ ከባድ የጊታር ሪፍ። ይሄን ለማወቅ የሙዚቃ ሰው መሆን አያስፈልግም።

የልዩነቱ ገጽ ቀስ ብሎ ነው የሞላው። የጠቀመኝም እሱ ነው። ዜፕሊኖች ዝም ማለት ይችሉበታል። ያንን አልበም ለንደን ውስጥ በኦሊምፒክ ስቱዲዮ የቀረጹት በጠቅላላው በ36 ሰዓት ገደማ የስቱዲዮ ጊዜ ነው። ቢሆንም በውስጡ አየር አለ። ጊታሪስታቸው ጂሚ ፔጅ ማይክሮፎን ከድራሙ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይወድ ስለነበር፣ የድራመሩ የጆን ቦናም ምት ከነክፍሉ ይሰማል። የልጆቹ አልበም ላይ ግን ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ቆሞ ይጮኻል። ፕላንት ጩኸቱ ጋ እስኪደርስ ያስጠብቅሃል። ጆሽ ገና ከመነሻው እዚያ ላይ ነው፤ አይወርድም።

ግጥሙም ቸገረኝ። ስለ ሰላም፣ ስለ ምድር፣ ስለ ፀሐይ ነው የሚዘፍኑት። ልባቸው ደግ ነው። ግን ሰው የለበትም። ማን ማንን እንደናፈቀ፣ የት መንደር እንደሆነ አታውቅም።

ደስ ያለኝም አለ። የጄክ እጅ ጎበዝ ነው። የአልበሙ መክፈቻ ዘፈን ደግሞ ተረጋግቶ፣ በኪቦርድ ታጅቦ ቀስ እያለ ይነሳል። እዚያ ላይ ዜፕሊን ትዝ አላለኝም። ሁሉም እንደሱ ቢሆን ኖሮ ብዬ ተቆጭቻለሁ።

“ኮረጁ” የሚለው ክስ ላይ ብዙ ቆየሁ። እኛ አገር አለማየሁ እሸቴ አለ አይደል? “የኢትዮጵያው ኤልቪስ” ይሉት ነበር። ፀጉሩም አለባበሱም የኤልቪስን ይመስል ነበር። ከአሜሪካዊው የሶል ዘፋኝ ከጄምስ ብራውንም ጩኸቱን ወስዷል። ግን ያ ጩኸት በአለማየሁ ጉሮሮ ሲያልፍ አማርኛ ሆነ፣ የእኛን ቅኝት ለበሰ። በ1969 አምሃ እሸቴ ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ያስቀረጸውን የሰማ ሰው የኤልቪስን ከተማ ሜምፊስን ሳይሆን አዲስ አበባን ነው የሚያስበው። ስለዚህ መውሰድን በራሱ ወንጀል ማድረግ አልፈለግኩም። የወሰደው ሰው ምን ጨመረበት? እሱን ነው የጠየቅኩት። በ2018ቱ አልበም ላይ ያገኘሁት መልስ “ጥቂት” የሚል ነው። እንደዚያው ጻፍኩት።

የባንዱ ደጋፊዎች አንድ የሚወዱት መከራከሪያ አላቸው። ዜፕሊንም ሲጀምር ተሰድቧል ይላሉ። እውነት ነው። በ1969 ሃያሲው ጆን ሜንደልሰን ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ላይ የመጀመሪያ አልበማቸውን አጣጥሎታል፤ ከእንግሊዛዊው ጊታሪስት ከጄፍ ቤክ ቡድን ጋር እያወዳደረ። ዜፕሊኖች ከአሜሪካ ጥቁሮች ብሉዝ ብዙ መውሰዳቸውም የታወቀ ነው። የብሉዝ ደራሲው ዊሊ ዲክሰን በ1985 ከሷቸው ከፍርድ ቤት ውጭ ነው የተስማሙት። ታዲያ ይሄ ለግሬታ ቫን ፍሊት ምን ይፈይዳል? አንድ ሃያሲ በ1969 ስለተሳሳተ ዛሬ የተተቸ ሁሉ ነገ ሊቅ አይሆንም።

ረቂቁን ስጨርስ አንድ ነገር አደረግኩ። “ሌድ ዜፕሊን” የሚለውን ስም ካለበት ሁሉ ሰረዝኩት። ጽሑፉ ተንኮታኮተ። ሙሉ አንቀጾች ያለዚያ ስም ምንም አልያዙም ነበር። በስሙ ቦታ የምሰማውን መጻፍ ነበረብኝ፤ ድምፁ የት ይወጣል፣ ከበሮው መቼ ያርፋል፣ የትኛው ዘፈን ሳያስፈልግ ረዘመ። ስሙ የተመለሰው የግድ በሆነበት ቦታ ብቻ ነው። አሁንም ስለ ማንኛውም የተወራለት ባንድ ስጽፍ ይሄን አደርጋለሁ። አድካሚ ነው፣ ግን ይሠራል።

ሌላው የረዳኝ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ነው። ዜፕሊንን በስምም አያውቅም። አልበሙን ሰጠሁት። ወደደው፤ ጊታሩን በአፉ እያዜመ ቤቱን ዞረው። መጨረሻ ላይ ግን “ይሄ ልጅ አይደክመውም እንዴ?” አለኝ። እኔ በደብተር ገጽ ሙሉ የለፋሁበትን በአንድ መስመር ጨረሰልኝ። እሱን አይቼ ነው ከላርሰን የተለየሁት። ላርሰን ባንዱ ለአልጎሪዝም፣ ማለትም ዘፈን እየመረጠ ለሰው ለሚያቀርበው የኢንተርኔት ፕሮግራም፣ የሚመች ምርት ነው የሚል ሐሳብ አለው። ሐሳቡ ብልህ ነው። ግን አልጎሪዝም በጆሮ አይሰማም። እኔ የተሰጠኝ የሚሰማውን እንድጽፍ ነው። ልጁ ሳሎን ውስጥ የጨፈረው ደግሞ ተታሎ አይደለም።

ነጥብ አልሰጠሁም። ቁጥር ከሰጠህ አንባቢ ሌላውን አያነብም። የ1.6ን ዕጣ አይተናል።

ጽሑፉ ሲወጣ አንዱ “ቀንተህ ነው” አለኝ። ባንድ ያለው አንድ ወዳጄ በተቃራኒው “ለምን አባበልካቸው?” ብሎ ተቆጣ። ለሁለቱም የመለስኩት አንድ ነው፦ መክፈቻውን ዘፈን ስሙትና ተመለሱ። ቀንተሃል ያለኝ አልተመለሰም።

በ2021 ሁለተኛው ሙሉ አልበማቸው ወጣ። ፕሮዲውሰሩ ከአዴል ጋር የሠራው ግሬግ ከርስቲን ነው። ደብተሬን አወጣሁ። ዘፈኖቹ ረዝመዋል፤ የመጨረሻው ዘጠኝ ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ቫዮሊኖች ገብተዋል። በዚህኛው የልዩነቱ ገጽ ቀድሞ ሞላ፤ ይሄንንም ሳልሰስት ጻፍኩላቸው። የጆሽ ድምፅ ግን አሁንም ከመነሻው ጣሪያ ላይ ነው። ስለ እሱ በ2018 የጻፍኩትን አንቀጽ እንዳለ ትቼዋለሁ።