ከደጋ በግ ፀጉር ጉማሬ መሥራት፦ በመርፌ ለሚሠራ የሱፍ ጥበብ ጀማሪዎች

ክርም ሙጫም ሳይገባበት፣ ከበግ ፀጉርና ከአንዲት ቀጭን መርፌ ብቻ ጠንካራ ቅርጽ ማውጣት እንደሚቻል ስናገር ብዙዎች ማመን ይቸግራቸዋል። ምስጢሩ ያለው በፀጉሩ ተፈጥሮ ላይ ነው። እያንዳንዱ ፀጉር እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ፣ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ሲሆን፣ መርፌዋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሦስት ማዕዘን ያላትና በጠርዞቿ ላይ ወደ ጫፏ ያዘነበሉ ጥርሶች የተቀረጹባት ናት። ስትገባ ከላይ ያለውን ፀጉር ይዛ ወደ ውስጥ ታወርደዋለች፤ ስትወጣ ፀጉሩ ከሌላው ጋር ተቆላልፎ እዚያው ይቀራል። ይህ ሲደጋገም ላላ የነበረው ክምር እየተጠቀጠቀ ይጠነክራል። መርፌዋ በመጀመሪያ የተሠራችው ለፋብሪካ ማሽኖች ነበር፤ በእጅ ተይዛ ለጥበብ ሥራ መዋል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ነው።

በጣና ዙሪያ ያደግን ሰዎች እጃችን የሚያውቀው ጥጥን ነው። ስለዚህ ጀማሪ ሰው ቤት ውስጥ ያገኘውን ባዘቶ አንሥቶ መሞከር ያምረዋል። ጥጥ ግን ቅርፊት ስለሌለው የቱን ያህል ቢወጋ እንደ በግ ፀጉር አይቆላለፍም። ከበግም ቢሆን ሁሉም አይሆንም፤ በጎጃም በኩል በብዛት የምናየው የዋሸራ በግ ፀጉሩ አጭር ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይመችም። ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ ባለው ደጋ የሚረቡት የፋርጣ በጎች ግን ብርዱን የሚከላከል ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር አላቸው። ባናና በርኖስ የሚሠራውም ከደጋ በግ ፀጉር ነው። ሻካራ ነው ተብሎ መናቅ የለበትም። ከውጭ የሚመጣው ልዝብ የሜሪኖ ሱፍ ለላይኛው ሽፋን ያምራል፤ ለመጠንከር ግን ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ሻካራውና ጥምዝምዝ ያለው ፀጉር ቶሎ ስለሚያያዝ ለውስጠኛው አካል ከሜሪኖ እንደሚሻል በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ።

ፀጉሩ ከነቅባቱና ከነጭቅቅቱ ስለሚመጣ መታጠብ አለበት። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ዘፍዝፎ፣ ሳያሹና ሳይጨምቁ ማለቅለቅ ይበቃል፤ በሙቅ ውሃ ከታሸ ገና ሳይሠራበት ይጣበቃል። እንዶድም ያጥባል፤ ነገር ግን የታጠበበትን ውሃ ወደ ሐይቁ መድፋት አይገባም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ያጠኑት ይህንኑ ተክል ነው፤ እንዶድ ዓሣንም ይጎዳል። ፀጉሩ በጥላ ከደረቀ በኋላ እንደ ጥጥ በደጋን ይነደፋል፤ ደጋን ከሌለ በሁለት የሽቦ ብሩሽ ማበጠር ይቻላል።

መርፌዎቹ በቁጥር ይለያሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። ለጀማሪ 36 ቁጥር ለውስጠኛው አካል፣ 38 ለአብዛኛው ሥራ፣ 40 ደግሞ ለማለስለስ ይበቃሉ። ተራ የልብስ ስፌት መርፌ ጥርስ ስለሌለው አይተካቸውም። ከሥር ወፈር ያለ የፍራሽ ስፖንጅ ይነጠፋል። መርፌው በገባበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት፤ ውስጥ እያለ ከተጣመመ ይሰበራል። ዓይን ከመርፌው ጫፍ ከተነሣ እጅ መቆም አለበት፤ ሥራውን የሚይዙትን ጣቶች በቆዳ ቁራጭ መሸፈንም ይጠቅማል።

ለመጀመሪያ ሥራ የምመክረው ጉማሬን ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ በአካል ልናየው የምንችለው እንስሳ ከመሆኑም በላይ ቅርጹ ድፍን ነው፤ ቀጭን አንገትም ረጅም እግርም የለውም። ፀጉሩን በመቀስ ሳይቆርጡ በእጅ እየነጨቁ አጥብቆ መጠቅለልና እያገላበጡ ከየአቅጣጫው መውጋት ያስፈልጋል። ክምሩ እየተወጋ በጣም ስለሚያንስ ሲጀመር ከታሰበው መጠን ገዘፍ ማለት አለበት። ጀማሪዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው፦ ቅርጹ ገና በጣት ሲጫኑት እየሰረጎደ ወደ ቀለምና ወደ ዓይን ይሻገራሉ። የውስጡ አካል ካልጠነከረ በላዩ የሚጨመረው ሁሉ ይሰምጣል፣ እግሩም አይቆምም፤ ስለዚህ አውራ ጣት ሲጫነው የማይሰረጉድ እስኪሆን ድረስ ከመውጋት በቀር ሌላ ሥራ የለም።

እግሮቹና ጆሮዎቹ ለየብቻ ሲሠሩ የሚጣበቁበት ጫፍ ሳይወጋ ይተዋል፤ ያ ልቅ ፀጉር በአካሉ ላይ ተዘርግቶ ሲወጋ መጋጠሚያው ይጠፋል። ለቀለሙ ማቅለሚያ አያስፈልግም። ጥቁርና ነጭ ፀጉር አንድ ላይ ሲበጠር ግራጫ ይሰጣል፤ ውህደቱ ፍጹም ባይሆን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም በግራጫው መካከል ተለይተው የሚታዩት ጥቋቁር ጭረቶች ቆዳውን ሕያው ያስመስሉታል። ለአፉ ዙሪያ ቀላ ያለ ቡናማ ፀጉር በስሱ ይደረባል። ጆሮው፣ ዓይኑና የአፍንጫው ቀዳዳ ከራሱ አናት ላይ በአንድ መስመር አካባቢ መዋል አለባቸው፤ እንስሳው ውሃ ውስጥ ሰውነቱን ደብቆ የሚያየውና የሚተነፍሰው በዚህ አቀማመጥ ነውና። ዓይኑ ትንሽ ወደ ታች ከወረደ ቅርጹ አሳማ ይመስላል።

ያለቀውን ሥራ ብል እንዳይበላው አልፎ አልፎ አውጥቶ ማራገፍ ያስፈልጋል። በሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈውን ፔሊካን ለመሥራት የሚጓጓ ሰው ብዙ ነው፤ የእርሱ አንገት ግን በውስጡ ሽቦ ስለሚፈልግና መርፌ ሽቦ ሲነካ ስለሚሰበር፣ ሁለት ሦስት ድፍን እንስሳት ከተሠሩ በኋላ ቢሞከር ይሻላል።