አንድ ቆጣሪ፣ ሦስት ተከራይ

ቂርቆስና አራዳ ውስጥ ዋናው ቤትና ጓሮ ያሉት ሰርቪስ ክፍሎች ለየብቻ ሲከራዩ፣ ግቢውን የሚያጣላው ከኪራዩ ይልቅ መብራቱ ነው። ሂሳቡን እኩል ወይም በሰው ቁጥር ማካፈል የተለመደ ቢሆንም ፍትሐዊ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚጋግር ቤተሰብ በምጣዱ ብቻ በወር ከ24 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጨርሳል። እንጀራ ከሱቅ የሚገዛው ወንደላጤ የዚህን ለምን ይክፈል?

ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ያስገቡ። ከዚያ በፊት ግን መስመሩን ያጣሩ፦ የአንዱን ክፍል ብሬከር አጥፍተው ግቢውን ይዙሩ። የበሩ አምፖል ወይም የሮቶው ፓምፕ አብሮ ከጠፋ፣ ያ ተከራይ ሳያውቀው የጋራውን መብራት ወይም ፓምፕ ሂሳብ እየከፈለ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ዋናው ቆጣሪ በወሩ 420 ኪሎዋት ሰዓት፣ ንዑሶቹ 150፣ 160 እና 90 ቆጠሩ እንበል። ጠቅላላ ሂሳቡን ለ420 አካፍለው ውጤቱን በየንባቡ ያባዙ። የተረፈው 20 የጋራ መብራትና ፓምፕ ነው፤ ማን እንደሚከፍለው ውሉ ላይ ይጻፍ። እኔን ከጠየቃችሁኝ የአከራዩ ነው።

ተከራይ «ዋጋው የራሱ ቆጣሪ ካለው ጎረቤቴ በለጠብኝ» ቢል እውነቱን ነው። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ስለሚወደድ፣ አንድ ቆጣሪ ላይ የተደመሩ ሦስት ቤቶች ለየብቻ ከሚከፍሉት የበለጠ ይከፍላሉ። አከራዩ አተረፈ ማለት አይደለም። ደረሰኙን በየወሩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ጭቅጭቁን ይቀንሳል፤ ዘላቂው ግን ለየቤቱ የራሱን ዋና ቆጣሪ ማስወጣት ነው።

ውሃውን በርክክብ ዕለት ይፈትሹ። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተው ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ጎማ ይመልከቱ። ከዞረች የሆነ ቦታ ይፈሳል፤ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ታንከር ይዩ።

ውሉን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። የቆጣሪዎቹን የመነሻ ንባብ በአባሪ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ተከራዩ ሲለቅ፣ የተጠቀመው ውሃና መብራት የሚታሰበው ከዚያ ቁጥር ተነስቶ ነው።