ሲሜን እቆልፋለሁ ብዬ ራሴን ቆለፍሁ

ስልክ ሲሰረቅ ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው ለቀፎው ነው። እኔ የምሰጋው ለሲሙ ነው። ፓተርናችሁ የፈለገውን ያህል ቢወሳሰብ፣ ሲሙ በመርፌ ተነቅሎ ሌላ ቀፎ ውስጥ ሲገባ ምንም ሳይጠይቅ ይሠራል። የቴሌግራም መግቢያ ኮድ፣ የባንክ መልእክት፣ የኢሜይል ማረጋገጫ ሁሉ ሲሙን ለያዘው ሰው ይመጣል። በእኛ በጎጃም ገጠር ደግሞ ሌባም ላያስፈልግ ይችላል፤ መብራት የሌለው ሰው በገበያ ቀን ስልኩን ቻርጅ ሱቅ ትቶ ገበያው እስኪፈታ ይውላል። በዚያ ሁሉ የተጠላለፈ ገመድ መካከል የማን ሲም ለአምስት ደቂቃ ወጥቶ እንደተመለሰ ማን ያያል?

መከላከያው የሲም ፒን፣ ማለትም የሲሙ የራሱ ሚስጥር ቁጥር ነው፤ ከ4 እስከ 8 አሃዝ። ስልኩ ጠፍቶ በበራ ወይም ሲሙ ቀፎ በቀየረ ቁጥር ይጠየቃል። ሴቲንግ፣ ሴኩሪቲ፣ ሲም ሎክ፤ በአንዳንዱ ስልክ «ተጨማሪ» የሚለው ውስጥ ተሸሽጓል።

ጉዱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቁልፉን ስታበሩ አንዲት ባዶ ሳጥን ብቅ ትልና ፒን አስገባ ትላለች። አዲስ የመረጣችሁትን የምትጠይቅ ይመስላል። አይደለም! ሲሙ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ነው የምትፈልገው። ያንን ተቀብላ ቁልፉ ከበራ በኋላ ነው «ሲም ፒን ቀይር» በሚለው ገብቶ የራስን ማስገባት የሚቻለው። እኔ የመረጥሁትን ቁጥር ደጋግሜ ጻፍሁ። በሦስተኛው ስህተት ሲሙ ተዘጋና ፒዩኬ (PUK) የሚባለውን የመክፈቻ ቁጥር ጠየቀ። ስልኩን ሪሴት ማድረግም አይፈታውም፤ ቁልፉ ያለው ሲሙ ውስጥ ነው።

ፒዩኬ 8 አሃዝ ነው፤ ሲሙ ተሰብሮ በወጣበት ፕላስቲክ ካርድ ላይ ከፋብሪካው ፒን አጠገብ ታትሟል። የእኔ ካርድ ሲሙን በገዛሁ ዕለት ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል። በግምት አትሞክሩ፤ አሥር ጊዜ ከተሳሳታችሁ ያ ሲም ለዘለዓለም ሞተ ማለት ነው።

የቀረው መንገድ መታወቂያ ይዞ ከተማ ወዳለው የቴሌ ቢሮ መሄድ ነው። ጸሐፊዋ መታወቂያዬን ከመዝገቡ ጋር አስተያየችና «ስሙ አይገጥምም» አለችኝ። መታወቂያው ላይ በሁለት ቃል የተጻፈው የአባቴ ስም መዝገቡ ላይ በአንድ ቃል ነው። የአንዲት ክፍተት ነገር! ፊደሉ ያው፣ ፎቶው ያው፣ ሰውየው ፊቷ ቆሟል። ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ ተባልሁ፤ ማንኩሳ ተመለስሁ፤ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ነው። እስከ ማግሥቱ ስልኬ ጥሪ አይቀበል፣ የባንክ ኮድ አይመጣልኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ስለዚህ ሲሙን ከመንካታችሁ በፊት መዝገቡ ላይ ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ አጣሩ።

«ሚስጥር ቁጥር ወረቀት ላይ አትጻፉ» የሚለውን ምክር በዚህ ጉዳይ አልቀበለውም። ፒዩኬውን ጻፉት፤ ከመሬት ደብተሩ ጋር ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። «ስልካችሁ ቢጠፋ ከርቀት ደምስሱት» የሚለውም ኢንተርኔት ላለው አገር ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ዳታ ለወራት ተዘግቶ በኖረበት አካባቢ በእሱ መተማመን ሞኝነት ነው። ዳታ ቢኖርም ሌባው መጀመሪያ የሚነቅለው ሲሙን ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ቴሌግራም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ከነማገገሚያ ኢሜይሉ አስገቡ፤ ያኔ በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድ ብቻውን አያስገባም። ፎቶ ከሚሞሪ ካርድ ወደ ስልኩ ውስጥ አዛውሩ፤ ካርዱ ተነቅሎ ሌላ ስልክ ላይ ፓተርን ሳይጠየቅ ይነበባል፣ ስልኩ ሪሴት ሲደረግም ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ስልኩን ጥገና ቤት ስትሰጡ ሲሙንም ሚሞሪ ካርዱንም አውጡ። *#06# ሲደወል የሚወጣውን ባለ15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር (IMEI) ጻፉ፤ ለፖሊስ ያስፈልጋል።

ሁለት ሲም ያላችሁ ፒኑን ለእያንዳንዱ ለየብቻ አብሩ፤ ስልኩ የሚቆልፈው የመረጣችሁትን ሲም ብቻ ነው።