«እኔ ምን አለኝና?»፦ የተራ ሰው ኮምፒውተር ለምን እንደሚፈለግ የተማርኩት

ደሴ ላይ ኮምፒውተር እየጠገንኩ፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ የኮምፒውተር ደኅንነትን በግሌ እየተማርኩ መሆኔን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ የደረስኩበትንም በየጊዜው ለእናንተ ለተማማሪዎቼ ሳካፍል ቆይቻለሁ። የዛሬው ጽሑፌ የሚያተኩረው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ መረጃ መንታፊዎች የአንድን መምህር፣ የአንዲትን ተማሪ ወይም የአንድን ባለሱቅ የቤት ኮምፒውተር ምን ብለው ይፈልጉታል? ጥያቄው ከሥራዬ የማይለይ ነው። ቫይረስ ያጸዳሁለትን ደንበኛ የይለፍ ቃሉን እንዲቀይር ስመክረው፣ «አብሽር ወንድሜ፣ እኔ ምን አለኝና ነው የሚፈልጉኝ?» ብሎኝ ይሄዳል። ይህ ከልብ የሚነገር ቃል ስለሆነ ከልብ የሆነ መልስ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ሰሞኑን የተማርኩትም አብዛኛው መልሱን በማስረጃ ለማየት የሚረዳ ነበር።

መልሱን በመጀመሪያ ያየሁት በአንድ ባዶ ሰርቨር፣ ማለትም ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ኮምፒውተር ላይ ነው። ውጭ አገር የሚኖር የትምህርት ጓደኛችን ለመለማመጃ የሚሆን አነስተኛ ሰርቨር ተከራየልን፤ በላዩ ላይ ድረ ገጽ የለም፣ ፋይል የለም፣ አድራሻውንም ከእኛ በቀር የነገርነው ሰው አልነበረም። ከርቀት የሚገባበትን በር ክፍት ትተን፣ ማን ምን እንደሚሞክር ብቻ የሚመዘግብ ፕሮግራም ጫንበትና ተለያየን። በማግስቱ መዝገቡን ስከፍተው በሙከራ ተሞልቶ አገኘሁት። «ሩት»፣ «አድሚን»፣ «ቴስት»፣ «ኡቡንቱ» በሚሉ የተጠቃሚ ስሞች ላይ «123456»ን የመሳሰሉ የይለፍ ቃሎች እየተፈራረቁ ተሞክረዋል፤ ሙከራዎቹ በሰከንዶች ልዩነት የሚከታተሉ ሲሆኑ፣ ከተለያዩ አገሮች የመጡት ሳይቀሩ ቅደም ተከተላቸው አንድ ዓይነት ነበር። ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው እንደሌለና ይህ ሁሉ አንድ ዝርዝር ተሸክሞ በየአድራሻው የሚዞር ፕሮግራም ሥራ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላስፈለገኝም።

ዞሮ ለመጨረስ የሚፈጀውም ጊዜ ትንሽ ነው። ዛሬም በስፋት በሚሠራበት በቀድሞው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት ያሉት አድራሻዎች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የተባለ መሣሪያ ሠርተው፣ ፈጣን መስመር ያለው አንድ ኮምፒውተር ይህን የአድራሻ ሥርዓት ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ዳርቻውን ማዳረስ እንደሚችል አሳይተዋል። መሣሪያው የተሠራው ለጥናት ነበር፤ የሚያሳየው ስሌት ግን ለመንታፊውም ያው ነው። በር ማንኳኳት ምንም የማያስወጣ ከሆነ፣ ባለቤቱ ሀብታም ይሁን ድሃ አስቀድሞ ማጣራት ለምን ያስፈልጋል? የሚፈለገው የተከፈተ በር ነው፤ ከውስጥ ምን እንዳለ ከገቡ በኋላ ይታያል።

ገብተው ብር ባያገኙም ኮምፒውተሩ ራሱ ይጠቅማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሠራጨው ሚራይ የተባለ ቫይረስ ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸው የይለፍ ቃል ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና የቤት ራውተሮች ከ60 በላይ የስምና የይለፍ ቃል ጥንዶችን እየሞከረ ይይዝ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 በእነዚሁ መሣሪያዎች አማካይነት የድረ ገጾችን ስም ወደ አድራሻቸው የሚመራ አገልግሎት በሚሰጠው ዳይን በተባለው ድርጅት ላይ የተሰነዘረው ጥቃት፣ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ አገልግሎቶችን ለሰዓታት አስተጓጉሏል። አንዷ ካሜራ ብቻዋን ምንም አትሠራም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሆኖ እንጂ። የካሜራው ባለቤት በዚያ ቀን ምንም የጠፋው ነገር አልነበረም፤ ንብረቱ ሌላውን ለማጥቃት ሲውል ግን አላወቀም። ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ «የሚጎዳው እኔን ብቻ ነው» ብሎ መተው የማይቻልበት ምክንያትም ይኸው ነው።

አድራሻችን ራሱ ዋጋ እንዳለው ደግሞ 911 ኤስ5 ከተባለው የተያዙ ኮምፒውተሮች መረብ ታሪክ ተምሬያለሁ። ወንጀለኛ ከራሱ መስመር ቢነሳ በቀላሉ ይለያል፤ ከመኖሪያ ቤት መስመር የመጣ ጥያቄ ግን ለባንኩም ለገበያውም የተራ ደንበኛ ጥያቄ ይመስላል። ስለዚህ የቤት አድራሻ የሚከራይበት ገበያ ተፈጠረ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 መበተኑን ያስታወቀው ይህ መረብ ወደ 200 በሚጠጉ አገሮች ከ19 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎችን ይዞ ነበር፤ ኮምፒውተሮቹን የያዘውም ማስክ ቪፒኤንንና ዲው ቪፒኤንን በመሳሰሉ ያለ ክፍያ በሚጫኑ ፕሮግራሞች አማካይነት ነው። ይህን ሳነብ ወዲያው ያሰብኩት የእኛን ሰው ነው። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ተገድቦ በነበረባቸው ወራት በከተማችን ነጻ ቪፒኤን ያልጫነ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር፤ ገደቡ ከተነሳ በኋላም ፕሮግራሙን ያጠፋው ጥቂት ነው። ሁሉም ነጻ ቪፒኤን እንዲህ ነው ለማለት ሳይሆን፣ ያለ ክፍያ የሚሰጠን አገልግሎት ወጪው ከየት እንደሚሸፈን መጠየቅ ይገባናል ለማለት ነው። አሁን ለጥገና በሚመጣ ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብለን የተጫኑትን ፕሮግራሞች እንፈትሻለን፤ «ይህን ማን ጫነው?» የሚል ጥያቄ ሳይነሳ የቀረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ኮምፒውተሩን ሞኔሮ ለተባለው የዲጂታል ገንዘብ ማምረቻ የሚያውሉም አሉ። ማምረቻው የኮምፒውተሩን ጉልበት ያለ ዕረፍት ስለሚጠቀም፣ ደንበኛው «ላፕቶፔ ይግላል፣ ፋኑ አያርፍም» ብሎ ሲመጣ አንዱ የምመለከተው ነገር ይህ ነው።

«ብሬ ያለው ስልኬ ላይ ነው» ለሚሉት የምመልሰው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የታወቀውና በኦክቶበር 2024 በበርካታ አገሮች ፖሊስ የጋራ ዘመቻ የተመታው ሬድላይን የተባለ መረጃ ሰብሳቢ ቫይረስ፣ እንደ እሱ ካሉ ሌሎች ሰብሳቢዎች ጋር፣ በብራውዘር ውስጥ «አስታውስልኝ» ተብለው የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠራርጎ የሚወስድ ነው። ከዚህም በላይ፣ በኮምፒውተር ላይ የተጫነ ቴሌግራም የገባንበትን መለያ የሚያስታውሰው «ቲዳታ» በተባለ ፎልደር ነው። ይህ ፎልደር ተቀድቶ ከተወሰደና በኮምፒውተሩ ቴሌግራም ላይ የመቆለፊያ ኮድ ካልተደረገ፣ ወሳጁ ስልክ ቁጥርም ሆነ በመልእክት የሚላክ ኮድ ሳያስፈልገው መለያውን ሊከፍት ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም አይተናል፤ «እህቴ፣ ቸግሮኝ ነው፣ እስከ ማታ 5,000 ብር ላኪልኝ» የሚል መልእክት ለዘመድ አዝማድ ይደርሳል። እዚህ ላይ የተሰረቀው ሀብት ሰው በባለቤቱ ላይ ያለው እምነት ነው፤ እንደ ወሎ ዘመድ ከዘመድ በማይለያይበትና «ቸገረኝ» ያለን ሰው መጠርጠር ነውር በሆነበት አገር፣ ይህ እምነት ከባንክ ደብተር የማይተናነስ ዋጋ አለው። ስለዚህ በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ «መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍቶ የማያውቁትን ማስወጣትና የመቆለፊያ ኮድ ማድረግ ለማንኛውም ደንበኛ ሳላሳይ የማልሰደው ነገር ሆኗል።

ብዙ የተማርኩበት ጉዳይ ግን ከሐይቅ ከተማ የመጡ የአንድ መምህር ላፕቶፕ ነው። ፋይሎቻቸው በሙሉ ከስማቸው ኋላ አራት የማይታወቁ ፊደላት ተጨምሮባቸው፣ አንዱም አልከፈት ብሎ ነበር የመጣው፤ በየፎልደሩም አንድ የጽሑፍ መልእክት ተቀምጧል። መልእክቱ 980 ዶላር ይጠይቃል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ለከፈለ ግን 490 ይበቃል ይላል። ይህ ስቶፕ ወይም ዲጄቩ የሚባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ የታወቀ ምልክት ነው። ስንነጋገር፣ ከጥቂት ቀናት በፊት ኦፊስን ያለ ክፍያ አክቲቬት የሚያደርግ ክራክ አውርደው እንደነበረና ከክራኩ ጋር የመጣው መመሪያ አስቀድመው አንቲቫይረሱን እንዲያጠፉ ያዘዛቸው እንደነበረ ነገሩኝ። እኔም እንደ ብዙዎቻችን የሶፍትዌር ዋጋ ከአንድ መምህር ደመወዝ ጋር የማይመጣጠን መሆኑን ስለማውቅ በሰውዬው ላይ የምሰነዝረው ወቀሳ የለኝም። መንታፊውም ይህንኑ ያውቃል፤ ወጥመዱን ያስቀመጠው ሰው በችግሩ ምክንያት የግድ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው።

ዋጋው ራሱ ስለ ዒላማው ብዙ ይናገራል። ትልቅ ድርጅት ባክአፕ አለው፣ ባለሙያ አለው፣ ጠበቃ አለው፤ እሱን ለመስበር ረጅም ዝግጅት ሊያስፈልግ ይችላል። የቤት ተጠቃሚ ግን ፋይሉ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ቤተሰብ ተረባርቦ ሊያሟላው የሚችል የሚመስል መጠን ተቆርጦ ይቀርብለታል። 490 ዶላር ለእኛ መምህር የብዙ ወራት ደመወዝ መሆኑ ለላኪው ግድ አይሰጠውም፤ ከብዙ ሺህ ጥቂቶች ቢከፍሉ ይበቃዋል።

መምህሩ ለፈተና ወረቀቶቻቸው አላለቀሱም። «ልጄ፣ ሰነዱ ይቅር፤ መንዙማውን ግን እባክህ» ነበር ያሉኝ፤ በመውሊድ ሰሞን ከገጠር አዛውንቶች የቀዱት ድምፅ ነበርና። ኤምሲሶፍት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ለ148 የዚህ ቫይረስ ዝርያዎች መፍቻ በነጻ አውጥቷል፤ የእሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ከመጡት፣ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የተለየ ቁልፍ ከሰርቨር ከሚያመጡት ወገን ስለነበረ አልሠራም። ያዳነን ሌላ ነገር ነው። ይህ ቫይረስ ለፍጥነት ሲል የሚቆልፈው የእያንዳንዱን ፋይል የመጀመሪያ 150 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነው። አጭር የዎርድ ሰነድ በዚህ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ረጅም የኤምፒ3 ድምፅ ግን ተከታታይ ከሆኑ ትናንሽ ክፍሎች የተሠራ ስለሆነ የተበላሸውን መጀመሪያ ዘልሎ ሊጫወት ይችላል። በቅጂው ላይ ሠርተን የተጨመሩትን ፊደላት ከስሙ አንሥተን ስናጫውተው፣ በሰከንድ በ128 ኪሎቢት ከተቀዳው መንዙማ የጎደለው የመጀመሪያው ዐሥር ሰከንድ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከሠርግ ቪዲዮዎቹ ግን አንዳንዶቹ አልተመለሱም፤ ፎቶዎቹም እንዲሁ።

ፍላሽን በተመለከተ፣ በየጽሕፈት ቤቱና ፎቶ ኮፒ ቤቱ የምናውቀውን ሾርትከት ቫይረስ በዚህ ጊዜ ከውስጥ ለማየት ወስኜ ነበር። ፍላሹን በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ በተባለ ሥርዓት በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው «ጠፉ» የተባሉት ፋይሎች ሁሉ በቦታቸው ነበሩ፤ ዊንዶውስ ላይ የተሰወሩት የድብቅነትና የሲስተም ፋይልነት ምልክት ስለተደረገባቸው ብቻ ነው። አጠገባቸው አንድ የስክሪፕት (ኮምፒውተሩ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች የያዘ) ፋይልና በፎልደሮቹ ስም የተሠሩ ሾርትከቶች አሉ። የአንዱ ሾርትከት መድረሻ ሲነበብ ሁለት ትእዛዝ ይዟል፤ መጀመሪያ ስክሪፕቱን አስነሣ፣ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ክፈት። ተማሪዋ የትምህርት ማስረጃዋን ልታሳትም ስትጫነው ፎልደሩ ስለሚከፈትላት ምንም አትጠረጥርም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ላይ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ የሚነሣበትን መንገድ በቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ጭምር ስለዘጋው፣ እንዲህ ያሉት የሰውን ጣት መጠበቅ ግድ ሆኖባቸዋል።

ስክሪፕቱን ሳላስነሣ በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቼ የተሸፈነበትን ንብርብር ስገልጠው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከታወቀው ኤች-ዎርም ከተባለ ቫይረስ ጋር የተዛመደ ሆኖ አገኘሁት። ወደ ሩቅ ሰርቨር የሚልከው የመጀመሪያ መልእክት የኮምፒውተሩን ስም፣ የተጠቃሚውን ስም፣ የዊንዶውሱን ዓይነትና የአንቲቫይረሱን ስም የያዘ ነው፤ ከዚያ በኋላ ትእዛዝ እየጠበቀ ይቀመጣል። ለዓመታት «ፋይል የሚደብቅ ተንኮል» እያልን ፍላሹን ብቻ እያጸዳን ስንመልሰው፣ ፍላሹ የተሰካበት የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር በሌላ ሰው እጅ እንዳለ ይቀጥል ነበር ማለት ነው።

ስለ ማሻሻያ ብዙ አልጽፍም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ወደ 150 አገሮች የደረሰው ዋናክራይ የተባለ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ የተጠቀመበት ቀዳዳ መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት በማርች ወጥቶለት ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በኦክቶበር 14፣ 2025 ስላበቃ፣ ኮምፒውተራቸው ዊንዶውስ 11ን ለማይቀበል ደንበኞች ኡቡንቱን አማራጭ አድርጌ ማቅረብ ጀምሬያለሁ።

በሱቄ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት አላቅቄ የፍላሽ መፈተሻ አድርጌዋለሁ፤ ማንኛውም ፍላሽ መጀመሪያ እዚያ ይሰካል። ቀጥሎ የማጠናው፣ የተያዘ ኮምፒውተር ወደ ሰርቨሩ የሚልካቸውን የአድራሻ ጥያቄዎች ከቤት ራውተር ላይ መለየት የሚቻልበትን መንገድ ነው። በኮምቦልቻና በወልዲያ ያላችሁ ተማማሪዎች ተመሳሳይ ስክሪፕት ከፍላሽ ላይ ካገኛችሁ፣ በይለፍ ቃል በተቆለፈ ዚፕ ውስጥ አድርጋችሁ ላኩልኝ፤ የደንበኛው ፋይል አብሮ እንዳይገባ ጥንቃቄ አድርጉ፣ ያገኛችሁበትን ወርም ጻፉበት፤ ሁሉም ወደ አንድ ሰርቨር የሚጠሩ መሆን አለመሆናቸውን ማነጻጸር እፈልጋለሁ።