ሐኪሟ ባትመጣም መድኃኒቱ ይድረስ

ሳይካትሪ ልማር ነው ስል እናቴ ደነገጠች። «የሰው ልጅ የልብ ሐኪም፣ የዓይን ሐኪም ይሆናል። እኔ ለጎረቤት ምን ብዬ ላውራ?» አለች። አልፈርድባትም። ያኔ ጎንደር ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰው ትዝ የሚለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር። አማኑኤል ደግሞ አዲስ አበባ ነው፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ።

የሳይካትሪ ስፔሻሊስት እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት የፈለገ ባሕር ተሻግሮ ይማር ነበር። እኔ በሩ ከተከፈተ በኋላ ደረስኩ። ሕክምና ጎንደር ተማርኩ፣ ገጠር ሆስፒታል በጠቅላላ ሐኪምነት ሠራሁ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ለስፔሻሊቲ። ስለ ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ ስለሚማሩት የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ ብዙ የምለው የለም። እንቅልፍ የለም፣ ታካሚ ሞልቷል፣ ሳትወዱ በግድ ትማራላችሁ።

ማኅበረሰብ ውስጥ ልሥራ የሚለው ሐሳብ ግን የመጣልኝ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1940ዎቹ ሲቋቋም ዓላማው ገጠር ወርደው የሚሠሩ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) ማፍራት ነበር። ያ ልማድ እስከ እኛ ዘመን ዘልቋል። «ቲም ትሬኒንግ» እንለዋለን። የሕክምናው፣ የነርሲንጉ፣ የላብራቶሪው ተማሪ ተሰባስቦ ገጠር ጤና ጣቢያ ይከርማል። እኛ ደምቢያ ደረሰን፣ ቆላ ድባ።

ቤት ለቤት ስንዞር ከጓዳ የማይወጡ ሰዎች አየን። አንዱ ቤት ውስጥ አንድ ጎልማሳ እግሩ ከምሰሶ ጋር በሰንሰለት ታስሯል። እናቱ «ቤት እንዳያቃጥልብኝ ነው እንጂ ጠልቼው አይደለም» አሉን። ሰንሰለቱ ቁርጭምጭሚቱን እንዳይልጠው በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለውለታል። ጨርቁ ንጹሕ ነበር፤ በየጊዜው እንደሚያጥቡት ያስታውቃል። እኚህን ሴት ጨካኝ የሚላቸው ሰው ሌላ ምን ምርጫ እንደነበራቸው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ስፔሻሊስት ሆኜ ጎንደር ስመለስ ክሊኒኩ በሰው ይጨናነቅ ነበር። ከጭልጋ፣ ከወገራ፣ ከበለሳ ለአንድ ወር ክኒን ይመጣሉ። ሒሳቡን እናስላው። የታካሚው ትራንስፖርት፣ የአስታማሚው ትራንስፖርት፣ ማደሪያ፣ ምግብ። በእርሻ ወቅት ከሆነ የሁለት ሰው ጉልበት ከማሳ ቀረ ማለት ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ የተወደደው መንገዱ ነው። ትንሽ ተመላልሰው ይቀራሉ። ከዚያ ሕመሙ ሲያገረሽ፣ አንዳንዴ እጃቸው በገመድ ታስሮ፣ ድንገተኛ ክፍል እናገኛቸዋለን።

ስለዚህ መድኃኒቱን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ ነበረብን። የዓለም ጤና ድርጅት ሳይካትሪስት ላልሆነ ባለሙያ ያዘጋጀው ኤምኤች ጋፕ የሚባል መመሪያ አለ። ቡታጅራና ሶዶ አካባቢ የተሠሩ ጥናቶችም የሠለጠነ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው መከታተል እንደሚችል አሳይተዋል። ጥያቄው ከየት እንጀምር ነበር።

የሚጥል በሽታን አስቀደምን። በብዙ አገር የኒውሮሎጂ (የነርቭ ሕክምና) ሥራ ነው፤ እኛ ጋ ግን ብዙውን የሚያየው የሳይካትሪ ክሊኒክ ነው። ለምን እሱን? ለውጡ ስለሚታይ። አንዲት ወጣት መጣች። ስትወድቅ እሳት ላይ ሆኖ የግራ እጇ ጣቶች በቃጠሎ ተጣብቀዋል። ሰፈሩ አረፋው ይጋባል ብሎ ስለሚፈራ ሲጥላት የሚያነሳት የለም። ደፈር ያለ ከተገኘም ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ይይዛል። ፌኖባርቢታል የሚባለውን የሚጥል በሽታ ክኒን ማታ ማታ ጀመረች። መውደቋ ቆመ። ከዚያ በኋላ እኛ ስለ ሕክምናው መስበክ አላስፈለገንም፤ መንደሩ ራሱ አወራው። በድንገት እንዳታቋርጥ ግን አጥብቀን ነገርናት። ፌኖባርቢታል ድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብሶ ይመጣል፤ ሕይወትም ያሳጣል።

ፀበልን በተመለከተ ብዙ ወጣት ሐኪሞች ጦር ይማዘዛሉ። አይጠቅምም። ሰው መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው፤ ዛር ነው ያለ ደግሞ ሌላ ቤት ያንኳኳል። እኔ አንድ አጥማቂ አባት ዘንድ ሄድኩ። መስቀል ተሳለምኩ፣ ቁጭ አልኩ፣ ቡና ተጠጣ፣ ስለ ዝናቡ ተወራ። ወደ ጉዳዬ የገባሁት በኋላ ነው።

«አባ፣ ክኒኑን ጣሉ እያሏቸው ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«ልጄ፣ እኔ ጣሉ ብዬ አላውቅም። መድኃኒትንስ ከምድር ያበቀለ እሱ አይደለም? ግን ፀበልተኛ ይፆማል። እስኪፈታ ምንም አይቀምስም። አንቺ ጠዋት ዋጡ እያልሽ እኔ እንዴት ልፍቀድ?»

ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምችለውን መድኃኒት ሁሉ ማታ አንድ ጊዜ አድርጌ ነው የማዘው። የከባድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱ ሃሎፔሪዶልም፣ የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊንም ለብዙዎቹ እንዲህ ይሆናል። በሁዳዴ ክኒን የሚያቋርጠው ሰው ቀነሰ። እሳቸውም ክኒኑን ከፀበሉ ጋር እንዲውጡ ያደርጓቸው ጀመር።

ትምህርት ቤት በቅጡ ያልነገረኝ ሌላው ነገር ረሃብ ነው። እንደ ክሎርፕሮማዚንና ኦላንዛፒን ያሉት የከባድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎት ይጨምራሉ። መጽሐፉ ላይ ክብደት ይጨምራል ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። ደሃ ቤት ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንዲት እናት «ዶክተርዬ፣ ልጄ ተሽሎታል፤ ግን የቤቱን እንጀራ ጨረሰው፤ ለታናናሾቹ ምን ላብላ?» አሉኝ። ክኒኑን የደበቁት እሳቸው ናቸው። ምን ትላላችሁ? አሁን ማንኛውንም መድኃኒት ከማዘዜ በፊት ቤት ውስጥ ምን እንዳለ እጠይቃለሁ። የሚቻል ከሆነ የምግብ ፍላጎት ብዙ የማይቀሰቅሰውን እመርጣለሁ። ሴፍቲኔት ውስጥ እንዲገቡ ለቀበሌ ደብዳቤ እጽፋለሁ። የጤና መድኅን አባል ያልሆኑትን እንዲሆኑ እጨቀጭቃለሁ።

ክሎርፕሮማዚን ደግሞ ቆዳ በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋል። ደምቢያ ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚያርስ ሰው ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ለሴቶቹ ነጠላ። ይህንን ሳትነግሩት ከላካችሁት ፊቱ ተቃጥሎ ይመለሳል፤ ወይም ጭራሽ አይመለስም።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። ነርሷን ታሠለጥናላችሁ፣ ጎበዝ ትሆናለች፣ ትዛወራለች። ሌላ ታሠለጥናላችሁ፣ ትዛወራለች። ስለዚህ ከአንድ ጤና ጣቢያ አንድ ሰው ብቻ ማሠልጠን ተውኩ። የፋርማሲውን ባለሙያም አብሬ እጠራለሁ። ሥልጠናው እኔን አይመለከተኝም ይላል፤ ይመለከተዋል። በየሁለት ወሩ የሚሞላው የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ ላይ ፌኖባርቢታልና ሃሎፔሪዶል ካልሰፈሩ የእኔ ሥልጠና ሁሉ ከንቱ ነው። ወረዳ ላይ የማንን ስልክ ልያዝ ብላችሁ ብትጠይቁኝ የኃላፊውን ሳይሆን የፋርማሲውን ሰው እላችኋለሁ።

መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ስልክ አዳነን። ነርሶቹ ይደውላሉ፣ ኔትወርክ ካለ በቴሌግራም ይጽፋሉ፣ መጠኑን አብረን እናስተካክላለን። ለተረጋጋ ታካሚ፣ አስታማሚው እንዲያስቀምጥለት አድርገን፣ የሁለትና የሦስት ወር እንሰጣለን። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ግን አይሆንም። አሚትሪፕቲሊን በአንዴ ከተወሰደ ይገድላል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሳምንት ብቻ።

ይህ ሥራ ገንዘብ ያስገኛል ወይ? ገንዘብ ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ የግል ክሊኒክ ክፈቱ። ነውር የለበትም።

እስካሁን ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች። ሙቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አረቄ፣ የተነጠቀ ደመወዝ። አንዳንዱ እዚያው ይታመማል። የእኛ ሥራ ሁሉ የቆመው በቤተሰብ ላይ ነው፤ ክኒን የምታስታውስ እናት፣ ይዞ የሚመጣ ወንድም። እነዚህ ልጆች ማንም የላቸውም። ሌላው ቀርቶ ስማቸውን የሚነግረን አይገኝም። ስለዚህ በዚያ መስመር ካሉ የጤና ጣቢያ ነርሶች ጋር አንድ ነገር ጀምረናል። ወደ በረሃ ሲወርዱ ከሚጓዙበት ቡድን አንድ ሰው የቤተሰቦቻቸውን ስልክ ሰብስቦ እንዲይዝ እንለምናለን። አንዳንድ የቡድን አለቆች እሺ ይላሉ፣ አንዳንዶቹ «ፖሊስ ናችሁ እንዴ?» ይሉናል።