የላኪውን አድራሻ ከመጨረሻው ጀምራችሁ አንብቡ

«ውድ ደንበኛችን፣ ሂሳብዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታገዳል፤ መረጃዎን ያድሱ።» የሚል ኢሜይል ደረሳችሁ እንበል፤ ዓርማው የባንኩ ነው፣ አማርኛውም የተስተካከለ ነው። ድሮ አጭበርባሪ በሆሄ ግድፈቱ ይታወቅ ነበር። አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያርምለታል፤ በዚያ መለየት ይቅርባችሁ።

የሚታየውን ስም ላኪው ራሱ ነው የሚሞላው። «የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ» ብሎ መጻፍ ማንም ይችላል። ስልካችሁ ላይ ጂሜይል ከፍታችሁ ከስሙ ሥር «ለእኔ» ከሚለው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ንኩ፤ ሙሉ አድራሻው ይወጣል። የሚፈለገው ከ«አት» ምልክቱ በኋላ ያለው ነው፣ እሱም ከመጨረሻው ሲነበብ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ አድራሻ «ጄዩ ነጥብ ኢዱ ነጥብ ኢቲ» ብሎ ያበቃል። ከዚያ ቀጥሎ ሌላ ቃልና «ነጥብ ኮም» ካለ ባለቤቱ ያን የመጨረሻውን ስም ያስመዘገበው ሰው ነው፤ ፊት ያለው «ጄዩ» ማባበያ ነው። የላቲኖቹ «አር» እና «ኤን» ተጠጋግተው ሲጻፉ ደግሞ «ኤም» ይመስላሉ፣ በትንሽ ስክሪን ዓይን ይስታል። ስለዚህ ሊንኩን ተዉትና የባንኩን መተግበሪያ ራሳችሁ ክፈቱ።

የሚከፋው አድራሻው ትክክል ሆኖ ሳለ ሰውየው ሌላ ሲሆን ነው። ከአጋሮና ከጎማ ቡና ሰብስቦ አዲስ አበባ ላለ ኤክስፖርተር የሚያቀርብ ነጋዴ ኢሜይሉን ሌባ ሰብሮ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ሌባው ወዲያው አይነካም፤ ዋጋውን፣ ኪሎውን፣ የክፍያውን ቀን ተቀምጦ ያነባል። ክፍያው ሲቃረብ በዚያው ምልልስ ውስጥ «የሂሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል» ብሎ ይጽፋል። ዝርዝሩ ሁሉ እውነት ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። የሂሳብ ለውጥ በመጣ ቁጥር ደውሉ፤ የምትደውሉት ግን ከበፊቱ ስልካችሁ ላይ በያዛችሁት ቁጥር ይሁን፣ ኢሜይሉ ላይ ያለው የሌባው ሊሆን ይችላል። ድምፁን ከምታውቁት ሰው አፍ ሳትሰሙ አንድ ብር አትላኩ።

በስልክ የሚመጣው ባለ6 አኃዝ ኮድም ብቻውን አያድንም። የውሸቱ ገጽ ላይ ስትጽፉት ሌባው እዚያው በዚያው እውነተኛው ገጽ ላይ ይሞላዋል።

የይለፍ ቃል ሰጥታችሁ ከሆነ በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ቀይሩት፣ ከሁሉም መሣሪያዎች ውጡ። ቀጥሎ ጂሜይልን በኮምፒውተር ከፍታችሁ የማስተላለፊያና የማጣሪያ ቅንብሮቹን ፈትሹ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፤ ሌባው እዚያ የራሱን አድራሻ ትቶ ከሆነ ቃሉ ከተቀየረ በኋላም ደብዳቤያችሁ ይደርሰዋል። የባንክ መረጃ ከወጣ ሳይውል ሳያድር ባንካችሁ ጋ ደውላችሁ አስዘጉ፤ የንግድ ባንክ 951 ነው። ኢሜይሉን አትሰርዙት፤ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይህ ወንጀል ነው፣ ፖሊስ ጋ ስትሄዱ ማስረጃችሁ እሱ ነው።