ከሠፈሩ ያልወጣው ከንቲባ

ስለ ሪቻርድ ዴሊ ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤን የሚይዘው ቤቱ ነው፤ ቺካጎን ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ21 ዓመታት ያስተዳደረው ይህ ሰው፣ ተወልዶ ባደገበት የሠራተኞች ሠፈር በብሪጅፖርት፣ ተራ በሆነች የጡብ ቤት ሰባት ልጆቹን አሳድጓል። በወጣትነቱ ቀን በከብት ገበያው እየሠራ፣ ማታ በዲፖል ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ በ1933 ተመረቀ።

የሥልጣኑ ምስጢር ግን ከንቲባነቱ ብቻ አልነበረም። ቺካጎ የምትገኝበት የኩክ አውራጃ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ሊቀ መንበርም ስለነበረ፣ የከተማውን ሥራ የሚያድለው የፓርቲው መዋቅር ነበር፤ እንጀራውን በዚህ መንገድ ያገኘ ሰው ደግሞ በምርጫ ቀን የጎረቤቶቹን ድምፅ ይዞ መምጣት ይጠበቅበት ነበር።

የኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ መስፋፋትና አውራ ጎዳናዎቹ ያስመሰግኑታል። ነገር ግን በሚያዝያ 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገድለው ከተማዋ ስትታመስ፣ ቃጠሎ አስነሺዎች ተተኩሶባቸው እንዲገደሉ ለፖሊስ ማዘዙን በአደባባይ መናገሩን፣ እኔ በበኩሌ በየትኛውም መንገድና ድልድይ ላካክሰው አልችልም። በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ፓርቲው በቺካጎ ባካሄደው አገር አቀፍ ጉባኤ ሰሞን፣ ፖሊሶቹ ሰልፈኞችን ሲደበድቡ አገር በቴሌቪዥን አየ።

ይህም ሆኖ በ1971 እና በ1975 ዳግመኛ ተመረጠ፤ በታኅሣሥ 1976 በሥልጣን ላይ እንዳለ አረፈ።